ሐጂን «እንዳይንቀሳቀሱ» ያልኩበት ጠዋት

ወፍ ማየት ትዕግሥት አያስተምርም። መንፈስ ያረጋጋል፣ ሰውን ከተፈጥሮ ጋር ያስታርቃል፣ ትሑት ያደርጋል የሚሉት ሁሉ ወይ ወፍ ፍለጋ ወጥተው አያውቁም፣ ወይ ካሜራ ይዘው አያውቁም። እኔ ለዓመታት ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክኬ ያተረፍኩት ስግብግብነት ብቻ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሁሉ ታጋሽ አይደለም። ድመትም የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ስለ ድመት መንፈሳዊነት የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስግብግብነቱ የሚብሰው ወፎቹ በሚፈላለጉበት ወቅት ነው። የበልግ ዝናብ አንድ ሁለቴ ጣል ጣል ሲያደርግ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ ወፍ በድንገት መደበቁን ይረሳል። ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ይዘፍናል፣ ክንፉን ይዘረጋል፣ ጭልፊት መኖሩንም ይዘነጋል። ፎቶ አንሺ ይህን ወቅት የሚወደው ለዚህ ነው፤ የሚፈልገው ፍጥረት ጥንቃቄውን የሚጥልበት ሰሞን ስለሆነ። በጨዋ ቋንቋ የመተጫጨት ወቅት እንለዋለን። የምንሠራው ሥራ ግን የሰው መስኮት ሥር ከማድፈጥ የሚለየው ወፎች ለፖሊስ ስለማይደውሉ ብቻ ነው።

የምኖረው ቀራንዮ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ወላጆቼ በተዉልኝ የጭቃ ቤት ውስጥ። በግራዬ ብረቱ ወደ ሰማይ የቆመ፣ ባለቤቱ የጠፋ ጅምር ፎቅ አለ። በቀኜ የሐጂ ግቢ ነው። ሐጂ መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሲሆናቸው ሱቁን ዘግተው ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አብራቸው የምትኖረው ትልቋ ልጃቸው ናት፤ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የልብስ ሱቅ አላት። ሰፈሩ ሁሉ ዛፉን ቆርጦ ክፍል ሲሠራና ሲያከራይ፣ ሐጂ ከግቢያቸው ጀርባ ያሉትን ጥዶችና አንዲት ወይራ አልነኩም። ከሥራቸው ቀጋና እንዶድ ተጠላልፎ ሰው የማያሳልፍ ጫካ ሆኗል። ልጃቸው «አባዬ፣ ይሄን ጥረገውና አራት ሰርቪስ ቤት ይወጣዋል» ትላለች። እሳቸው «እናትሽ የምትቀመጥበት ጥላ ነበር» ይላሉ፤ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው ወፏ ያለችው። በአማርኛ ስሟን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሐጂ «የጥዷ ወፍ» ይሏታል፤ እኔም ከዚያ የተሻለ የለኝም። አመድማ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ብሎበታል፣ ከጅራቷ ሥር የዛገ ቆርቆሮ ቀለም አላት። የዓለም ሰው አገራችን ድረስ መጥቶ ይፈልጋታል፤ እኛ ድምጿን እየሰማን ፊታችንን እንታጠባለን። ድምጿ ከውስጥ ይመጣል፤ እሷ አትታይም። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። የሚለዩት ሲዘፍኑ ነው፤ ወንዱ ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ውኃ ከጠባብ እንስራ እንደሚወርድ ድምፅ ያወጣል፤ ሴቷ ከጎኑ ሆና ለስለስ ባለና በሚርገበገብ ድምፅ ትመልስለታለች። ይህን ሲያደርጉ ሁለቱም አንገታቸውን አስረዝመው፣ ክንፋቸውን ገለጥ አድርገው ነው ይባላል። «ይባላል» ያልኩት ዓይቼ ስለማላውቅ ነበር። ሁለት ወቅት ሙሉ ሐጂ ግቢ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ያገኘሁት ጅራት፣ ቅጠልና የራሴ ጉልበት ፎቶ ነው።

ሐጂ በዚህ ይዝናኑብኛል። ለሌንሴ መድፍ የሚል ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ዛሬስ ወጣችልህ?»

«አልወጣችም ሐጂ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ስትፈልግ እንኳ እንዲህ አልተንከራተትክም።»

«ለዚህ ይሆናል ጥላኝ የሄደችው።»

«እሷንም ከቁጥቋጦ ሥር ሆነህ ነበር የምታያት? ወላሂ እኔም ብሆን እሄዳለሁ።»

ባለፈው በልግ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሰግደው፣ ግቢያችንን በሚለየው አጥር ላይ አንገታቸውን አወጡ። ዙሪያቸውን አዩ። ልጃቸው አልነበረችም።

«ያ መድፍህ ሰው ያነሳል?»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሽማግሌ» አሉ። ከዚያ ነገሩን አወጡት። ቡታጅራ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ወንድሟ በንግድ ዘመናቸው የሚያውቁት ሰው ነው፤ ነገሩን የያዘው እሱ ነው። ሴትዮዋ እምቢ አላለችም፤ እሺም አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ የዘንድሮ ፎቶ። ከዚህ በፊት የመጣላት አንድ ሚስት ፈላጊ ፂሙ ሳይበቅል የተነሳውን ፎቶ ልኮላት፣ በኋላ በምርኩዝ መጣ አሉ። «ወጣትነቱን አሳይቶኝ ሽምግልናውን ሊድርልኝ» ብላለች።

«ብልህ ሴት ናት» አሉ ሐጂ፣ ገና ሳያገቧት እየኮሩባት።

«የልጅዎ ስልክ እኮ ደህና ፎቶ ያነሳል።»

«ልጄ ከሰማች ቤቱ ይናዳል። እናቷን የምተካ ይመስላታል።» አጥሩን በእጃቸው መዳበስ ጀመሩ። «የምተካ አይደለም። ሰው ይተካል እንዴ? ማታ ዜና ሲያልቅ ‹አይ!› የሚያስብል ነገር ሁሌ አለ። ‹አይ!› ስል ዞር የሚልልኝ ሰው ነው የፈለግኩት። ልጄ ስልኳ ላይ ናት።»

እንደማነሳቸው ቃል ገባሁ። ስለ ሽምግልና፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ከተማ ኑሮ በየጋዜጣው ብዙ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ቃል መግባት አያቅተኝም።

ቀኑ አርብ ሆነ። የሴትዮዋ ወንድም ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ጁምዓ ሰግዶ ከሰዓት በኋላ ሊመለስ ነው። ፎቶውን ከእኔ ቤት ይዞ ይሄዳል። የሐጂ ልጅ ጠዋት ሱቅ ትሄዳለች፣ ለምሳ ትመለሳለች፤ በመሐል ያለው ጊዜ የእኛ ነው።

በጓሮ በኩል ስገባ ሐጂ ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። ፂማቸውን ሂና ተቀብተዋል። ነጭ ጀለቢያ ላይ ትንሿን ልጃቸውን የዳሩበትን ቡናማ ኮት ደርበዋል፣ ጥልፍ ቆብ አድርገዋል፣ ሽቷቸው ከጥዱ ሽታ በልጧል። የሳሎኑን ወንበር ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው ጥላና ብርሃን የሚገናኙበት ቦታ ላይ አስቀምጠውታል። ብርሃኑን ከእኔ በፊት አጥንተውታል ማለት ነው፤ ወይም ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረዋል።

«ጥርሴን ላሳይ ወይስ ልዝጋ?»

«እንደሚመችዎት።»

«እንደሚመችዎት ምን ማለት ነው? ባለሙያው አንተ ነህ።»

«ትንሽ ይታይ።»

«ያለኝም ትንሽ ነው።»

ካሜራው ላይ የገጠምኩት ረጅሙን ሌንስ ነበር። በዚያ ሌንስ ከዚያ ርቀት ሰው ቢነሳ አፍንጫ ብቻ ነው የሚወጣው። ትንሹ ሌንስ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። «አሁን እንዳይንቀሳቀሱ» አልኳቸው፤ አቀማመጣቸው ስላማረኝ። ልክ ቦርሳዬን ልከፍት ጎንበስ ስል ከጀርባዬ፣ ከቀጋው ውስጥ፣ ያ ውኃ ከእንስራ የሚወርድ ድምፅ መጣ። ቅርብ ነበር። ቀጥሎ መልሱ መጣ።

ምን እንዳሰብኩ ብጠየቅ አላሰብኩም። «አንዴ ሐጂ» እንኳ አላልኩም፤ ብዬ ነበር ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ አልተሳካልኝም። በእጄና በጉልበቴ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባሁ። ቀጋው ሸሚዜን ያዘኝ፣ ጆሮዬን ቧጨረኝ። ውስጡ ስደርስ ቅጠሉ ገለጥ ብሎ፣ ሁለቱ አንድ ደረቅ የወይራ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ወንዱ አንገቱን አስረዝሞ ምንቃሩን ወደ ላይ ቀስሯል፣ ጉሮሮው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እሷ በመጀመሪያ ዞራ ነበር። ከዚያ ተጠጋችው። ክንፏን ትንሽ ከፈት አደረገች፣ እሷም ወደ ላይ አየች፣ መለሰችለት። ከዛፉ ጫፍ የገባች ብርሃን ሁለቱንም ነጭ ግንባራቸው ላይ አገኘቻቸው።

አነሳሁ። ደጋግሜ አነሳሁ። ዘፈኑን ሲያቆሙ እንደገና እስኪጀምሩ ጠበቅኩ፤ ቦታ ሲለውጡ ተከተልኳቸው። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ያኔ በዓለም ላይ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚባል ነገር አልነበረም።

ስወጣ ሐጂ እንደተውኳቸው ነበሩ።

እንደተውኳቸው ስል ቃል በቃል ነው። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፣ መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ አገጫቸው ከፍ ብሏል፣ ከከንፈራቸው መሐል ያቺ ትንሽ ጥርስ ትታያለች። ፀሐይዋ ተንቀሳቅሳ ዓይናቸው ውስጥ ገብታለች፤ ላለመጨፈን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሂና የተቀባው ፂማቸው ላይ ዝንብ አርፏል። የሚያዩት በቀጥታ እኔ የወጣሁበትን ቁጥቋጦ ነበር።

«ጨረስክ?» አሉ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

አልገባኝም።

«ልተንፍስ?»

ያኔ ገባኝ። ሁለት ወቅት ሙሉ ሲያዩኝ ፎቶ የማነሳው ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ ነው። የማነሳውን ነገር ፊት ለፊት ቆሜ ሳነሳ አይተውኝ አያውቁም። «እንዳይንቀሳቀሱ» ብዬ እየዳኽኩ ስገባ፣ ሥራዬ እንደዚያ ነው ብለው አሰቡ። እሳቸውን ላነሳ የገባሁ መሰላቸው። ያንን ጊዜ ሁሉ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሁለት ወፍ ስከተል፣ ሐጂ ለቡታጅራዋ ሴት ያላቸውን ጥሩውን ፊት ለቀጋ ቁጥቋጦ ሲያሳዩ ነበር።

«አሁን ገባኝ ለምን እንደምትደበቅ» አሉ፣ ዝንቡን እያባረሩ። «ሰው ካሜራ ፊቱ ሲመጣ ይደነግጣል። ሳያይህ ግን ልቡን ያወጣል። እኔም አንተን ረስቼህ እሷን ነበር ያሰብኩት። ወላሂ አልተንቀሳቀስኩም። ጥሩ ወጣ?»

«ጥሩ ወጥተዋል ሐጂ» አልኩ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ የሚል አንባቢ ካለ ልክ ነው። «አንድ ልጨምር» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ እውነቱን እንኳ መናገር ሳያስፈልገኝ። ልል አፌን ስከፍት የበሩ ብረት ጮኸ። ልጃቸው ቀደም ብላ ተመልሳ ነበር። ሐጂ እንደ ጎረምሳ ዘለው ተነሱ፣ ወንበሩን አንስተው መልሰው አስቀመጡት፣ ጀርባው ላይ ተደገፉ፣ የሚያደርጉት ጠፋቸው።

«አባዬ፣ ምነው ከአሁኑ ለበስክ?»

«ጁምዓ አይደለም እንዴ?»

«ገና ነው እኮ። ደግሞ ወንበሩ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ለአላህ ቀድሞ መልበስ ተከለከለ? ፀሐይ ልሙቅ።»

ወደ እኔ ዞረች፤ ሸሚዜ ተቀዷል፣ ጆሮዬ ደምቷል። «ጋሼ፣ ዛሬም ወፍ?»

«ዛሬም ወፍ።»

«ወጣችልዎት?»

«ወጣች።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት!» አለች፤ ከልቧ ነበር። ሐጂ ከጀርባዋ ሆነው ጠቀሱኝ።

ቤቴ ገብቼ ካሜራው ውስጥ ያለውን አገላበጥኩ። የሐጂ ፎቶ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ ከሳምንታት በፊት ብርሃን ስሞክር ሳላስብ ያነሳሁት። ሽርጥ ታጥቀው፣ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሰው፣ ባልዲ ይዘው፣ አጥር ላይ ያለች ድመት ላይ ሲጮኹ። አፋቸው ተከፍቷል፣ ቅንድባቸው ተገናኝቷል።

ሌላም መንገድ ነበረኝ። መስጊድ በር ላይ ቆሜ ሲወጡ ጠብቄ፣ «ሐጂ፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ እንደገና ላንሳዎት» ማለት። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ኑሮዬን የምገፋው ከዚያ እጅግ በረዘሙት ነው። አላልኩትም። በምትኩ ባልዲውንና ድመቷን ቆርጬ ጣልኩ፣ ፊታቸውን አበራሁት፣ ማዞሪያው ጋ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳተምኩት። ሲታተም እያየሁ፣ እውነተኛ ፎቶ ነው፣ ሴትዮዋም የፈለገችው የዘንድሮ ነው፣ ሰውየው ሳያስመስል የተነሳ ነው፣ እንዲያውም ይህ ይሻላል አልኩ ለራሴ። ማንበብ ለሰው የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ ለማንኛውም ነውር አንድ ሐሳብ አይጠፋም።

ወንድምየው ከሰዓት መጣ። ፎቶውን ይዞ ብርሃን ወዳለበት ወጣ።

«ሐጂ ናቸው?»

«ናቸው።»

«ተቆጥተው ነበር እንዴ?»

«ፀሐይ ነው» አልኩ።

ፎቶውን እንደገና አየው። በፖስታ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

መልሱ ብዙ አልቆየም። ሐጂ አጥሩ ላይ መጡ፤ ያን ጊዜ ዙሪያቸውን አላዩም፤ የሚደበቅ ነገር ስላልቀረ።

«ፈራችኝ አሉ።»

«ማን?»

«ፊቴን አይታ ፈራች። ‹ቁጡ ሰው ናቸው፤ በቁጡ ሰው ቤት ኖሬ ወጥቻለሁ፣ አልመለስም› አለች።» በመዳፋቸው ፊታቸውን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ዳበሱት፣ እንደማያውቁት ዕቃ። «እኔ ደህና ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ሲለኝ እንዲህ ከሆንኩ፣ ሲከፋኝማ...»

«ሐጂ፣ ፎቶው ነው እንጂ...»

«ተው ተው። አንተ ምን ታደርግ? ያለውን ነው ያነሳኸው። ለፍተሃል፣ ጆሮህ ሁሉ ደምቶ ነበር።»

«እንደገና ላንሳዎት። ዛሬ። አሁን።»

«አይሆንም። አንዴ አይታኛለች። ደግሜ ብልክ ልመና ይሆናል።»

ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ብቻዬን ፊቴን ሸፈንኩ።

የወፎቹን ፎቶ ከዚያ በኋላ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ለምን ለጠፍኩት ብባል፣ ቆንጆ ስለነበር ነው። ሰው ተቀባበለው። የማላውቃቸው ሰዎች ትዕግሥቴን አደነቁ፣ ልቤ ንጹሕ ካልሆነ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይታየኝ ጻፉ። አንዱ «ፍቅርን ያዩበት ዓይን» አለኝ። የሐጂ ልጅም በስልኳ አሳየቻቸው። ሐጂ ወፏን ወዲያው ለዩዋት። «ይቺማ የእኔ ናት!» ብለው አጥሩ ጋ ጠሩኝ፣ በትልቁ አሳትሜ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ ያሳያሉ፤ እኔ ካለሁ ትከሻዬን ይዘው «ይህን ያነሳው ይሄ ጎረቤቴ ነው፣ እኔንም ያነሳኝ እሱ ነው» ይላሉ። ስለ ሁለተኛው ፎቶ የሚጠይቅ እንግዳ ካለ ወሬውን ወደ ወፏ ይመልሱታል።

ልነግራቸው ሞክሬአለሁ። አጥሩ ጋ ሄጃለሁ፣ ግቢያቸው ገብቻለሁ፣ ሻይ ቀርቦልኝ ጠጥቼ ወጥቻለሁ። «ሐጂ፣ ያ አርብ...» ስል «አቤት ያቺ ቀን፣ እኔን ልታነሳ ገብተህ ሁለቱም ወፎች ወጡልህ አይደል!» ይላሉ፤ ደስታቸው አፌን ይዘጋዋል። በደስታቸው አመካኘሁ እንጂ የዘጋው ፍርሃቴ ነው። ነውሬ የፎቶው አይደለም፤ ፎቶ ማንም ያበላሻል። ሰውየው ፊታቸው ሰው የሚያስፈራ እንደሆነ አምነው እየኖሩ ነው። መስታወት ባዩ ቁጥር እኔ የዋሸሁትን ያያሉ። ባለፈው ሳምንት እንግዳ ሲመጣ ለማጎንበስ ሲሞክሩ አየሁ፤ ሲስቁም አሁን አፋቸውን በእጃቸው ይከልላሉ። ከዚያ አርብ በፊት ሐጂ እንዲህ አያደርጉም ነበር።

ወንድምየውን ደግሞ በቀደም መርካቶ አገኘሁት። እህቱ እስካሁን አላገባችም። ከዚያ ወዲህ የመጣውንም ሰው መልሳለች።

ይህን እየጻፍኩ ያለሁት ሐጂ እንደማያነቡት እያወቅኩ ነው። ዓይናቸው ለፊደል ከደከመ ቆይቷል፤ ቁርዓኑንም አሁን በቃላቸው ነው የሚቀሩት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ራሱ ሌላ ቁጥቋጦ ነው፤ ገብቼበት ከውስጥ ሆኜ እያየኋቸው ነው። ስለዚህ ነገር ጎበዝ ጽሑፍ መጻፍ እንደምችል ማወቄ በራሱ ያሳፍረኛል።

ቀራንዮና ማዞሪያው አካባቢ የምትኖሩ፣ ስም ባልጠራም ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ወደ ቤታቸው ሂዱ። ልጃቸው ሱቅ በሄደችበት ሰዓት ሂዱ። ቁጭ አድርጋችሁ ይህን ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ፣ አንድም ቃል ሳታለዝቡ፣ አንብቡላቸው። እኔ አልቻልኩም።